የመጀመሪያው የካድ ስራችሁ፦ አንድ ብራኬት ከካሊፐር እስከ ማሽን

ካድ፣ ማለትም እቃን በኮምፒውተር መንደፍ፣ ስዕል መስሪያ ይመስላል። አይደለም። ስዕል ላይ አንድ መስመር ትንሽ ቢረዝም ማንም ልብ አይለውም። በካድ የምታሰምሩት መስመር ግን ነገ ብረት ወይም ፕላስቲክ ይሆናል፣ ብሎን ይገባበታል፣ ክብደት ይሸከማል። ብዙ ጀማሪ ይህን ሳያስብ ስክሪኑ ላይ የሚያምር ነገር ይሰራና ወርክሾፕ ሲወስደው "ይሄ በምንም ማሽን አይወጣም" ይባላል። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ከመጀመሪያው ቢያስበው በአምስት ደቂቃ የሚስተካከል ነገር ነው።

ስለዚህ የፕሮግራም ቁልፎችን ከመደርደር አንድ እቃ ይዘን እንሂድ። መደርደሪያን ከግድግዳ ጋር የሚያያይዝ፣ ኤል ቅርጽ ያለው ብራኬት። ተራ ነገር ነው፤ ግን የካድ ዋና ዋና ሀሳቦች ሁሉ እሱ ላይ ይገኛሉ።

1. ኮምፒውተሩን ሳትከፍቱ ለኩ

ካሊፐር (ውፍረትንና ስፋትን በትክክል የሚለካ መሳሪያ) ያዙ። መደርደሪያው ምን ያህል ይወፍራል? ብሎኑ ስንት ቁጥር ነው? ለቁልፍ ወይም ለካቻቢቴ መግቢያ ቦታ አለ? መልሱን በእጅ በተሞነጫጨረ ስዕል ላይ ጻፉት፣ ማማር የለበትም። ለእኛ ብራኬት ግድግዳው ላይ የሚያርፈው እግር 50 ሚሊሜትር፣ መደርደሪያውን የሚሸከመው 40፣ የጎን ስፋቱ 30፣ ውፍረቱ 5 ይሁን። ማሰሪያው ኤም 5 ብሎን ነው፣ ማለትም ጥርስ ያለው ክፍሉ 5 ሚሊሜትር የሚወፍር።

እዚሁ ላይ በምን እንደሚሰራም ወስኑ። በስሪዲ ፕሪንተር ነው? ከአልሙኒየም በፍሬዛ (በሚሽከረከር መቁረጫ የሚፍቅ ማሽን) ተቆርጦ? ወይስ ከላሜራ ተጣጥፎ? ጥያቄው መጨረሻ ላይ የሚመጣ ይመስላል፣ ግን ቅርጹን የሚወስነው እሱ ነው። በኋላ በደንብ እንመለስበታለን።

2. ፕሮግራም ምረጡ

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ አታጥፉ። ፍሪካድ ነፃ ነው፣ በዊንዶውስም በሊኑክስም በማክም ይሰራል። ኦንሼፕ ምንም ሳትጭኑ በብራውዘር ይከፈታል፣ ግን በነፃው አይነት የምትሰሩት ስራ ለሁሉም የሚታይ መሆኑን እወቁ። ሶሊድወርክስና ካቲያ ፋብሪካዎችና ትልልቅ ኩባንያዎች ውስጥ የምታገኟቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣው አውቶካድ ዛሬም በጣም የሚታወቀው በሁለት አቅጣጫ ስዕል ነው። አንዱን በደንብ ከያዛችሁ ወደ ሌላው መሻገር ከባድ አይደለም፤ የቁልፎቹ ስምና ቦታ ይለያያል እንጂ አስተሳሰቡ አንድ ነው።

3. ስኬቹን ስሩ፣ ከዚያ እሰሩት

የስራው ልብ ይህ ነው፣ ረጋ በሉበት።

ከጎን የሚታየውን ገጽ ምረጡና አዲስ ስኬች (እቃው የሚወጣበት ጠፍጣፋ ስዕል) ክፈቱ። የኤሉን ቅርጽ በስድስት መስመር አሰምሩ። በአይን ግምት ይሁን፣ ልክ እንዲሆን አትጨነቁ። አሁን መስመሮቹ ገና ልቅ ናቸው፣ በማውስ ብትጎትቷቸው ይከተሏችኋል። የእናንተ ስራ አንድም ነገር የማይንቀሳቀስ እስኪሆን ድረስ ገደብ መስጠት ነው። ስድስቱንም መስመሮች አግድም ወይም ቋሚ በሏቸው። የውጭውን ጥግ የገጹ መነሻ ነጥብ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ 50፣ 40 እና 5 የሚሉትን ልኬቶች ስጡ። አንድ ነገር ይቀራል፣ የሁለተኛው እግር ውፍረት። እዚያ ላይ ደግማችሁ 5 አትጻፉ፤ "ከመጀመሪያው ጋር እኩል" የሚለውን ገደብ ስጡት። ነገ ውፍረቱን ስትቀይሩ አንድ ቁጥር ብቻ ትነካላችሁ፣ ሁለቱም እግሮች አብረው ይሄዳሉ።

ስኬቹ ሙሉ በሙሉ ሲታሰር ቀለሙ ይቀየራል። ፍሪካድ ላይ አረንጓዴ ይሆናል፣ ሶሊድወርክስ ላይ ደግሞ ሰማያዊው ወደ ጥቁር ይለወጣል። ቀለሙ ሳይቀየር ወደሚቀጥለው እርምጃ አትለፉ። "ኋላ አስተካክለዋለሁ" ብሎ ያለፈ ሰው ሀያኛው እርምጃ ላይ ሁሉም ነገር ሲበታተንበት ከየት እንደመጣ እንኳ አያውቅም።

ይህ ሀሳብ ዛሬ የተፈጠረ እንዳይመስላችሁ። አይቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 ኤምአይቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዶክትሬት የሰራው ስኬችፓድ የሚባለው ፕሮግራም በብርሃን እስክርቢቶ ስክሪን ላይ ያሰምር ነበር፤ ሁለት መስመሮችን ትይዩ ወይም እኩል ሁኑ ማለትም ይችል ነበር። እናንተ አሁን የምትጫኑት ቁልፍ ከዚያ የመጣ ነው።

4. አካል ስጡት

ስኬቹን 30 ሚሊሜትር ግፉት። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ኤክስትሩድ ይሉታል፣ ፍሪካድ ፓድ ይለዋል። ከመሀል ወደ ሁለቱም ጎን እኩል የሚያወጣውን አማራጭ ምረጡ። መሀሉ ላይ ገጽ ስለሚኖራችሁ ቀዳዳዎቹን ማማከል በኋላ ይቀላል።

5. ቀዳዳዎቹ

ኤም 5 ብሎን 5 ሚሊሜትር ነው ብሎ 5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ማድረግ የሁሉም ጀማሪ ስህተት ነው። አይገባም፣ ቢገባም ተጣብቆ ይቀራል። ብሎኑ እንዲያልፍ የሚሰጠው የተለመደ ልክ 5.5 ነው። እቃው ራሱ ጥርስ እንዲኖረው ከተፈለገ ደግሞ መጀመሪያ በ4.2 ፑንታ ይበሳና ከዚያ ጥርሱ ይወጣል። ፕሮግራሞቹ የቀዳዳ መሳሪያ ስላላቸው "ኤም 5፣ የሚያልፍ" ብትሉት ቁጥሩን ራሱ ያመጣላችኋል፤ ምክንያቱን ግን እወቁት።

የኤሉን ጥግ ወደ ታች አድርጋችሁ እዩት። ግድግዳው እግር ላይ ሁለት ቀዳዳ አድርጉ፣ አንዱ ከላይኛው ጠርዝ 10፣ ሌላው 30 ሚሊሜትር ርቀት ላይ። መደርደሪያው እግር ላይ አንድ ይበቃል። ሁሉም ከጎን ወደ ጎን መሀል ላይ ይሁኑ፤ ግን 15 ብላችሁ በቁጥር አትጻፉት። ከመሀለኛው ገጽ ጋር አያይዙት።

6. የውስጡን ጥግ አለስልሱ

ጫና ሹል ጥግ ላይ ይከማቻል፣ ስንጥቅም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ፊሌት በሚባለው መሳሪያ የውስጡን ጥግ 6 ሚሊሜትር ሬዲየስ ስጡት። የብሎኑ ራስ ከክቡ ጋር እንዳይጋጭም አረጋግጡ። ባስቀመጥነው ርቀት ቦታ አለው።

7. አሁን ለማበላሸት ሞክሩ

ይህን እርምጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ እወደዋለሁ። ውፍረቱን ከ5 ወደ 6 ቀይሩ። ስፋቱን 40 አድርጉ። ረጅሙን እግር 70 በሉት። ቀዳዳዎቹ መሀል ላይ ቀሩ? ክቡ አልጠፋም? ቀይ ምልክት ካልመጣ ሞዴላችሁ ጤነኛ ነው። አንዱ ቀዳዳ ቦታውን ከሳተ ግን ያሰራችሁበት ነገር ልክ አልነበረም ማለት ነው። ለምሳሌ እግሩ ሲረዝም የታችኛው ቀዳዳ አብሮ ወደ ታች እንዲወርድ ከፈለጋችሁ ልኬቱን ከላይኛው ጠርዝ ሳይሆን ከታችኛው መስጠት ነበረባችሁ። ሁለቱም ዛሬ አንድ አይነት ስዕል ይሰጣሉ፣ ልዩነቱ የሚታየው ቁጥሩ ሲቀየር ብቻ ነው።

8. ከማሽኑ ጎን ሆናችሁ እዩት

ስሪዲ ፕሪንተር ከሆነ እቃውን በጎኑ አስተኙት፣ ኤሉ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሞ እንዲታይ። ፕላስቲኩ በንብርብር ስለሚጣል በንብርብሮቹ መካከል ደካማ ነው። ብራኬቱ ቆሞ ከታተመ ክብደት ሲያርፍበት ልክ ጥጉ ላይ ይሰነጠቃል፤ ተኝቶ ከታተመ ግን እያንዳንዱ ንብርብር ራሱ ሙሉ ኤል ነው።

ፍሬዛ ከሆነ መቁረጫው ክብ መሆኑን አትርሱ። 10 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው መቁረጫ ውስጠኛ ጥግ ላይ ቢያንስ 5 ሬዲየስ ይተዋል። የእኛ 6 ስለሆነ ያልፋል። 1 ብትሉት ኖሮ በጣም ቀጭን መቁረጫ ይፈለግ ነበር፣ 30 ሚሊሜትር ጥልቀት ላይ ደግሞ ቀጭን መቁረጫ ይንቀጠቀጣል፣ ይሰበራል።

ላሜራ ከሆነ በተለመደው መንገድ አትስሩት። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን የላሜራ መሳሪያ ተጠቀሙ፤ ሲታጠፍ የሚለጠጠውን አስልቶ ተዘርግቶ የሚቆረጠውን ቅርጽ ያወጣላችኋል። ውፍረቱን 2 ወይም 3 አድርጉት፣ ቀዳዳውንም ከእጥፋቱ አርቁት፣ አለበለዚያ ሲታጠፍ ይጣመማል።

9. ፋይሉን ላኩ

ለፍሬዛ ወይም ለሌላ ዲዛይነር ስቴፕ ፋይል ላኩ፤ እቃውን በትክክለኛ ገጽታው ይይዛል። ለስሪዲ ፕሪንተር ኤስቲኤል ይሆናል። ኤስቲኤል ግን ትናንሽ ሶስት ማእዘኖች ብቻ ነው፣ የመለኪያ አሀድ እንኳ አይጽፍም። 50 የሚለውን ተቀባዩ ኢንች ብሎ ካነበበው እቃችሁ 25.4 ጊዜ ያድጋል። "ሚሊሜትር ነው" ብላችሁ በጽሁፍ ጨምሩ።

ለወርክሾፕ ከሆነ ከፊት፣ ከላይና ከጎን የሚያሳይ ስዕልም አውጡ። እያንዳንዱ ልኬት አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ። የብረቱ አይነትና የሚፈቀደው የልኬት ልዩነትም ይኑር። በየቦታው ጥብቅ ልክ አትጠይቁ፣ ዋጋው ይንራል። 10 ሚሊሜትር ዘንግ የሚንሸራተትበት ቀዳዳ ቢሆን ኖሮ ኤች 7 የሚባለው ልክ ይጻፍ ነበር፤ ከ10 እስከ 10.015 ማለት ነው። ለመደርደሪያ ብራኬት ግን 0.2 ቢበልጥም ቢያንስም ማንንም አይጎዳም።

10. የወጣውን ለኩ

የመጀመሪያው እቃ እጃችሁ ሲገባ ካሊፐሩን መልሳችሁ ያዙ። ፕሪንተሮች ብዙ ጊዜ ቀዳዳን ያጠባሉ። 5.5 ያላችሁት 5.3 ሆኖ ከወጣ ሞዴሉ ላይ 5.7 አድርጉትና ደግማችሁ አውጡት።