የቤት ጄኔሬተርን የሞተር ዘይት ስለ መቀየር

በደሴና በኮምቦልቻ መብራት ሲጠፋ የምንገለገልባቸው ባለአራት ምት የቤንዚን ጄኔሬተሮች፣ አምራቹ የተለየ ነገር ካላዘዘ በቀር፣ አዲስ ሲሆኑ ከመጀመሪያዎቹ 20 የሥራ ሰዓታት በኋላ፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ ዘይታቸው ሊቀየር ይገባል።

ጄኔሬተሩን ደጅ ላይ፣ ደልዳላ ስፍራ አስቀምጠው ለጥቂት ደቂቃ ያስነሡት፤ ለብ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ በቀላሉ ይወርዳልና። ካጠፉት በኋላ የካንዴላውን ገመድ ነቅለው፣ ከሥሩ ሰፊ ዕቃ አድርገው የማፍሰሻውን ቡሎን ይፍቱ፤ ዘይቱ ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ይታገሡ። ቡሎኑን ከነሮንዴላው ሲመልሱ በመጠኑ ያጥብቁት፤ ጥርሱን የሚበላው ከልክ ያለፈ ጉልበት ነው።

10ደብሊው-30 (10W-30) የሚል የውፍረት ደረጃ የተጻፈበት ዘይት ለደሴ ብርድም ለኮምቦልቻ ሙቀትም ይስማማል። ብዙዎቹ አነስተኛ ሞተሮች 0.6 ሊትር ገደማ ስለሚይዙ፣ በመለኪያው እያዩ ቀስ በቀስ ይሙሉ። የወጣውን ዘይት ግን ወደ ቦርከና ወንዝ በሚወርድ ቦይ ፈጽሞ አይድፉ፤ በጀሪካን አጠራቅመው ለሚቀበል ጋራዥ ይስጡ።