ያረጀ ግድብ ሲታደስ፦ በአካባቢ ተፅዕኖ ጥናት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ አቃቂን አለፍ እንዳሉ የአባ ሳሙኤል ግድብ አለ። የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ነው። አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነው። ለአሥርት ዓመታት ቆሞ ከከረመ በኋላ በቻይና መንግሥት እርዳታ ታድሷል። የግድብ እድሳት ሲነሳ ሁሌም ትዝ የሚለኝ እሱ ነው። ግድቡ ትንሽ ነው፤ የተቀመጠበት ቦታ ግን አንድ የአካባቢ ተፅዕኖ አጥኚ፣ ማለትም ሥራው በሰውና በተፈጥሮ ላይ የሚያደርሰውን አስቀድሞ የሚመረምር ባለሙያ፣ ሊሳሳትባቸው የሚችሉ ነገሮችን ሁሉ ይዟል።

«ግድቡ ድሮም ነበረ» ማለት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። «አዲስ ነገር አንሠራም፣ ማሽን ነው የምንቀይረው» ይባልና ጥናቱ ለይስሙላ ይሆናል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 ግን «ፕሮጀክት» የሚለው አዲስ ሥራን ብቻ አይደለም። ከፍተኛ ማስፋፊያና ለውጥ፣ እንዲሁም ተቋርጦ የነበረን ሥራ መቀጠል ጭምር ይገባበታል።

ደግሞም ተርባይኑ፣ ውሃ እያሽከረከረው መብራት የሚያመነጨው ማሽን፣ ቆመ ማለት ኑሮ ቆመ ማለት አይደለም። ውሃው በሸሸበት ዳርቻ ሰው ሽምብራና ጓያ ይዘራል፣ ከብት ያሰማራል። ልጆች እዚያው ተወልደው ያድጋሉ። ግድቡ ታድሶ ውሃው ሲመለስ ያ መሬት ይዋጣል። ባለመሬቱ የይዞታ ወረቀት ላይኖረው ይችላል፤ ቀለቡ ግን ከዚያ ነው። ስለዚህ የጥናቱ መነሻ ዛሬ ያለው ሁኔታ ነው፤ ግድቡ የተሠራበት ዘመን ካርታ አይደለም።

ደለሉን እንደ ተራ ጭቃ ማየት

እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንይ። ወደ አባ ሳሙኤል የሚገቡት ትንሹና ትልቁ አቃቂ ናቸው። ሁለቱም አዲስ አበባን አቋርጠው ነው የሚመጡት። የመጸዳጃ ቤቱም፣ የፋብሪካውም፣ የቆዳ ማልፊያውም ፍሳሽ አብሯቸው ይወርዳል። ከቆዳ ማልፊያ የሚወጣ ክሮሚየም የሚባል ብረት ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ይተኛል። ካልተነካ አብዛኛው እዚያው ይቆያል። ደለሉ ሲዛቅ ወይም የግርጌው በር ሲከፈት ግን ይነሳል። አብሮት የሚወጣው የበሰበሰ ጭቃ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣው ያልቃል።

የት ይሄዳል? አቃቂ አዋሽን ይቀላቀላል፤ አዋሽ ደግሞ ቆቃ ግድብ ይገባል። በ1960 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው፣ 43.2 ሜጋ ዋት አቅም ያለው ቆቃ ራሱ በደለል የተቸገረ ነው። በመንገዱ ላይ ደግሞ በዚያው ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጣ ገበሬ አለ። ያ ጎመን ተመልሶ የሚመጣው ወደ እኛ ገበያ ነው።

ስለዚህ ከላይ አንድ አካፋ ጭቃ ዝቆ ላቦራቶሪ መላክ አይበቃም። ደለሉ በየዓመቱ እየተደራረበ የተቀመጠ ስለሆነ በጥልቀት እየተወጋ በየንብርብሩ መመርመር አለበት። የሚዛቀው ጭቃ የት እንደሚጣልም ሥራው ሳይጀመር መወሰን አለበት። ጥቁርና ለም የሚመስል ጭቃ ሜዳ ላይ ተቆልሎ ካየ፣ ገበሬው ለማሳው ቢጭነው ማን ይፈርድበታል?

የናሙናው ጊዜም አንዱ ስህተት ነው። በነሐሴ የተቀዳ ውሃ ዝናብ ያቀጠነው ነው። በመጋቢት የተቀዳው ሌላ ነገር ይነግራችኋል። ሁለቱንም ካልያዘ ጥናት ጎዶሎ ነው።

ከግድቡ በታች ያለውን ወንዝ መርሳት

ጢስ ዓባይን ያየ ሰው ይሄን ለማስረዳት ብዙ አያደክምም። 73 ሜጋ ዋቱ ጢስ ዓባይ ሁለት ማመንጫ በ2001 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ ውሃው ወደ ተርባይን ሲዞር በበጋ ፏፏቴው እንዴት እንደሰለለ ታይቷል። ሲታደስም ያው ነው። አዲስ ተርባይን ከአሮጌው የተለየ የውሃ መጠን ሊፈልግ ይችላል። ማታ መብራት ሲፈለግ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ወንዙ በአንድ ቀን ውስጥ ይሞላል፣ ይጎድላል። ልብስ ለማጠብ የወረደችን ሴት የሚያሰጋ ነገር ነው። ለወንዙ የሚተወው ዝቅተኛ የውሃ መጠን መወሰን ያለበት ተርባይኑ ከመገዛቱ በፊት ነው። ውሉ ላይ ሜጋ ዋቱ ከተጻፈ በኋላ ስለ ወንዙ የሚናገርን ሰው የሚሰማው የለም።

ወባን ለጤና ቢሮ መተው

አባ ሳሙኤል ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ስጋቱ ያን ያህል አይደለም። እንደ ቆቃ ባለ ዝቅ ያለና ሞቃት ቦታ ግን ሌላ ነው። እዚያ ለሐይቁ ዳርቻ የቀረቡ መንደሮች ከራቁት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ ተጠንቷል። ውሃው ቀስ እያለ ሲሸሽ ዳርቻው ላይ የሚቀሩት ኩሬዎች የትንኝ መፈልፈያ ናቸው። የሐይቁ ከፍታ በምን ፍጥነት ይውረድ የሚለው ታዲያ የመሐንዲስ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የሚነቀለውን ዕቃ ያለ ዝርዝር ማውጣት

ብዙ አሮጌ ትራንስፎርመሮች ፒሲቢ የሚባል መርዛማ ኬሚካል ያለበት ዘይት አላቸው። በአሮጌ ማመንጫ ቤት ጣሪያና ቧንቧ ላይ አስቤስቶስ፣ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ማዕድን፣ ሊኖር ይችላል። ማንኛውም ዕቃ ከመነቀሉ በፊት ዘይቱ ይመርመር። በእኛ አገር ባዶ በርሜል አይጣልም፤ ውሃ ይጠራቀምበታል፣ እህል ይቀመጥበታል። ስለዚህ ዘይቱ የወጣበት በርሜል ሳይቀር ተቆጥሮ፣ ተመዝግቦ፣ ከግቢው የሚወጣው በፊርማ ይሁን።