የድሮ የጦር አውሮፕላን ሞተር ከማውረዳችሁ በፊት

ባለፈው ወር አንድ የማውቀው ልጅ ከሜሪላንድ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ቲ-6 ልንገዛ ነው። ሞተሩ ግን ኦቨርሆል ይፈልጋል አሉን» አለኝ። ቲ-6 የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ማሠልጠኛ አውሮፕላን ነው፤ ኦቨርሆል ማለት ደግሞ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ ፈትቶ ማደስ ነው። በእጁ ያለው ፕሮፎርማ አንድ ገጽ ነው። እሱም ላይ የሰፈረው አንድ ቁጥር ብቻ። እንዳትፈርሙ አልኩት። ካሊፎርኒያ ውስጥ በእነዚህ ሞተሮች ላይ 22 ዓመት ሠርቻለሁ፤ የነገርኩትን ለሌላውም እንዲጠቅም እዚህ ጻፍኩት።

መጀመሪያ ዋጋው ለምን እንደሚንር ይግባችሁ። አባቴ አዲስ አበባ በሲ-47 የማመላለሻ አውሮፕላን ሞተሮች ላይ ይሠራ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1946 እ.ኤ.አ. በረራ የጀመረው ከጦርነት በተረፉት በእነዚያ አውሮፕላኖች ነው። ሲሊንደር ሲሰነጠቅ አዲሱ ከነሣጥኑ ይመጣ እንደነበር አባቴ አጫውቶኛል። በጦርነቱ ጊዜ የተመረተው መለዋወጫ ገና መጋዘን ሞልቶ ነበራ። አሁን ያ ክምችት እየተሟጠጠ ነው። የቲ-6 ሞተር፣ የፕራት ኤንድ ዊትኒው ዋስፕ፣ 9 ሲሊንደርና 600 የፈረስ ጉልበት አለው። በአሥር ሺዎች ስለተመረተ አሁንም ዕቃው ይገኛል። የተዋጊው አውሮፕላን የፒ-51 ሞተር፣ መርሊን፣ ግን 12 ሲሊንደርና 48 ቫልቭ አለው፤ እሱን ማውረድ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ያስወጣል። ሙያውን የሚያውቁት ሰዎችም እያረጁ ነው። ይህ ከዕቃው እጥረት በላይ ያሳስበኛል።

አሁን ወደ ፕሮፎርማው። የእጅ ዋጋ ለብቻው፣ የመለዋወጫ ዋጋ ለብቻው ይጻፍላችሁ። ኪስ የሚያራቁተው ሞተሩ ከተፈታ በኋላ የሚገኘው ጉድለት ነው። የብረት ክፍሎቹ በማግኔት፣ የአሉሚኒየሞቹ ደግሞ ስንጥቅ ውስጥ በሚገባ ቀለም ይመረመራሉ። ያኔ ነው ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ) ደህና መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው። የሲሊንደሩ ራስ ብዙ ጊዜ የሚሰነጠቀው በጭስ ማውጫው ቫልቭ መቀመጫና በካንዴላው ቀዳዳ አካባቢ ነው። አንድ ደንበኛ አውቃለሁ፤ ከ9 ሲሊንደሮቹ 4ቱ ተሰንጥቀው ተገኙ። ውሉ ስለዚህ ምንም አይልም። ሰውዬው መጀመሪያ ከተነገረው በላይ ብዙ ከፈለ፤ አውሮፕላኑም 14 ወር ያለ ሞተር ቆመ። ስለዚህ እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ ሲሊንደር ምርመራውን ባያልፍ አንዱን በስንት ትተካላችሁ? ዕቃው እጃችሁ ላይ አለ ወይስ ሊፈለግ ነው? ምርመራውን ያላለፈውን ዕቃ አይቼው ፎቶ አነሳለሁ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

«አሮጌውን ስጠንና የተሠራ ሞተር እንስጥህ» የሚሉም አሉ። ይፈጥናል። ነገር ግን የሰጣችሁት ሞተር ሲፈታ ዋና ዋና ክፍሎቹ ተበላሽተው ከተገኙ ተጨማሪ ክፍያ ይመጣል። ተበላሽቷል የሚለው ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ተስማሙ። የእናንተ ሞተር ጥሩ ታሪክ ካለው ግን ራሱን አሠሩት ባይ ነኝ።

ገንዘብ ማጠራቀሙን ከገዛችሁበት ቀን ጀምሩ። ለምሳሌ ኦቨርሆሉ 80 ሺህ ዶላር ነው፣ ሞተሩም 1,000 ሰዓት ይሠራል እንበል። በሰዓት 80 ዶላር ማስቀመጥ ነው። ልጁም እንዲሁ አስልቶ ነበር። ግን በዓመት 40 ሰዓት ብቻ ከበረራችሁ 1,000 ሰዓት የሚሞላው በ25 ዓመት ነው። በ25 ዓመት ውስጥ ዋጋው እዚያው አይቆምም፤ ሞተሩም ቆሞ ይዝጋል። ስለዚህ በየዓመቱ አዲስ ዋጋ ጠይቁና የሰዓቱን ሒሳብ አስተካክሉ። ሞተሩን ደግሞ በወር በወሩ አብርሩት። መሬት ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማስነሳት አይተካውም፤ ዘይቱ በደንብ ሳይሞቅ እርጥበቱ ውስጡ ይቀራል።

በጣም የምለምናችሁ ግን ይሄን ነው። ክብ ሞተር፣ ማለትም እንደ ዋስፕ ሲሊንደሮቹ ዙሪያውን የተደረደሩበት፣ ሲቆም ዘይት ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል፤ በዋስፕ ላይ በተለይ 5ኛውና 6ኛው ውስጥ። ዘይት አይጨመቅም። እንደዚያው ካስነሳችሁት የፒስተኑ ዘንግ ይጣመማል። አንዳንዴ ያኔ አይታወቅም፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ በበረራ ላይ ይሰበራል። ስለዚህ የማግኔቶው (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያመነጨው) ማብሪያ መጥፋቱን አረጋግጡ። እንደዚያም ሆኖ ሞተሩ ሊነሳ ይችላል ብላችሁ ተጠንቀቁ። ከዚያ ፕሮፔለሩን በሚዞርበት አቅጣጫ በእጅ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሩ። በሁለት ዙር ሁሉም ሲሊንደር አንድ አንድ ጊዜ ይጨምቃል። ድንገት ግትር ካለ አትግፉት። ወደ ኋላም አትመልሱት፤ ዘይቱ ወደ አየር ማስገቢያው ቱቦ ገብቶ ሞተሩ ሲነሳ ተመልሶ ይመጣል። የታችኞቹን ሲሊንደሮች ካንዴላዎች ፍቱና ዘይቱን አፍስሱት። ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ዘይት በቀየራችሁ ቁጥር ማጣሪያውን ከፍታችሁ የብረት ብናኝ ፈልጉ። ትንሽ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላኩ። ውጤቱን ከነቀኑ በሞተሩ መዝገብ ላይ አስፍሩ። መዝገብ የሌለው ሞተር ሲገዛ፣ ከታደሰ ወዲህ የሠራው ሰዓት ዜሮ ነው ቢሏችሁም፣ ኦቨርሆል እንደሚፈልግ ቆጥራችሁ ተደራደሩ።

ልጁ የቲ-6ቱን መዝገብ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ ልኮልኛል። የመጨረሻው ኦቨርሆል ቀን አለ፤ የትኞቹ ሲሊንደሮች እንደተቀየሩ ግን አልተጻፈም። ሻጩን ያንን እንዲጠይቅ ነግሬዋለሁ። እስኪመለስለት ድረስ አይከፍልም።