ወደ አሜሪካ የተሰደደ የጀርመን ቤተሰብ የዘር ሐረግ እንዴት ይፈለጋል?

የዚህ ፍለጋ ቁልፍ የመንደሩ ስም ነው። ጀርመን አንድ አገር የሆነችው በ1871 ነው (ዓመታቱም ወራቱም ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ፕሩሲያ፣ ባቫሪያ፣ ባደን፣ ሄሰን እየተባለ በብዙ መንግሥታት የተከፋፈለ ነበር፤ ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገበውም በአብዛኛው በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ነበር። «ፕሩሲያ ተወለደ» የሚል ወረቀት ብቻ ይዞ የጀርመንን መዛግብት መክፈት ድካም ነው። መንደሩ መጀመሪያ የሚፈለገው አሜሪካ ውስጥ ነው።

የቤተሰቡን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ ደብዳቤዎችን፣ የቤቱን መጽሐፍ ቅዱስና የመቃብር ድንጋዮችን ፎቶ አንሱ። ቀጥሎ ከቅርቡ ትውልድ ወደ ሩቁ እየሄዳችሁ የአሜሪካን የሕዝብ ቆጠራ ፈትሹ። በየ10 ዓመቱ የሚካሄድ ሲሆን፣ ከአባወራው ሌላ ያሉትን የቤተሰብ አባላትም በስም መጻፍ የጀመረው በ1850 ነው። የ1900ው የተወለዱበትን ወርና ዓመት፣ አሜሪካ የገቡበትን ዓመትና የዜግነታቸውን ሁኔታ ስለሚናገር ከእሱ ጀምሩ። የ1890ው በ1921 ከተነሳው እሳት በኋላ ከጥቂቱ በቀር ስለጠፋ እለፉት።

ቆጠራው አገር እንጂ መንደር አይነግርም፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው ፈላጊ ወደ መርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር ይሮጣል። የሃምቡርግ ወደብ ዝርዝር ከ1850 እስከ 1934 ስለተረፈና የመጨረሻ መኖሪያን ስለሚጽፍ ይጠቅማል። የብሬመኑ ግን አብዛኛው ጠፍቷል፤ ኒው ዮርክ ሲደርሱ የቀረቡት የቆዩ ዝርዝሮችም ብዙ ጊዜ «ጀርመን» ብለው ያልፋሉ። ስለዚህ ከመርከቡ በፊት ስደተኞቹ አሜሪካ ውስጥ የተገለገሉበትን ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ፈልጉ። በጀርመንኛ ይጽፉ የነበሩ የሉተራንና የካቶሊክ አገልጋዮች ጋብቻ ወይም ቀብር ሲመዘግቡ የትውልድ መንደሩን የሚያሰፍሩበት ጊዜ ብዙ ነው። የዜግነት ማመልከቻም እዩ፤ ከመስከረም 1906 በፊት የነበረው አብዛኛውን ጊዜ አገሩን ብቻ ሲጠቅስ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የትውልድ ቦታን፣ የመርከቡን ስምና የገቡበትን ቀን ይዟል።

የቅድመ አያት መዝገብ ዝም ካለ የወንድምና የእህት፣ የክርስትና አባትና እናት፣ የጋብቻ ምስክሮችን መዝገብ ተከተሉ። የአንድ መንደር ሰዎች ተከታትለው ተሰደው ጎረቤት ሆነው ይሰፍሩ ስለነበር፣ የእነሱ መንደር የእናንተም ሊሆን ይችላል።

ስሙን በአንድ አጻጻፍ ብቻ አትፈልጉ። ሙለር ሚለር፣ ሽሚት ስሚዝ፣ «አናጺ» ማለት የሆነው ዚመርማን ደግሞ ካርፔንተር ሆኗል። ስሙን የለወጡት በኒው ዮርክ የስደተኞች መቀበያ የነበረው የኤሊስ ደሴት ሠራተኞች ናቸው የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም፤ እነሱ ይሠሩ የነበሩት ከመርከቡ ዝርዝር ነው፣ ለውጡ የመጣው ቤተሰቡ አሜሪካ ሲኖር ነው። ሌላው ወጥመድ የመጀመሪያው ስም ነው። አንድ አባት ወንዶች ልጆቹን ሁሉ «ዮሐን» ብሎ ሊያስጠምቅ ይችላል፤ መጠሪያቸው ሁለተኛው ነው። አሜሪካ ውስጥ ጆርጅ የተባለውን ሰው የጥምቀት መዝገብ ላይ ዮሐን ጌኦርግ ብላችሁ ፈልጉት።

መንደሩ ሲገኝ በ1912 በታተመው የሜየርስ የቦታ ስሞች መዝገብ አረጋግጡ፤ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። «አዲስ ከተማ» ማለት የሆነው ኖይሽታት ብቻውን በብዙ ቦታ ይገኛል። መዝገቡ መንደሩ የራሱ ቤተ ክርስቲያን እንዳለውም ያሳያል፤ ከሌለው የጎረቤቱን አጥቢያ መጽሐፍ ፈልጉ። ሲሌሲያን የመሰለ የቀድሞ የጀርመን አካባቢ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ስለሆነ የቦታው ስም ተለውጧል፣ ብዙዎቹ መጻሕፍትም በፖላንድ ቤተ መዛግብት ናቸው።

ብዙ የፕሮቴስታንት አጥቢያ መጻሕፍት አርኪዮን በሚባል ድረ ገጽ ላይ በክፍያ፣ ብዙ የካቶሊክ መጻሕፍት ደግሞ ማትሪኩላ በሚባል ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛሉ። ፋሚሊሰርች የሚባለውን የዘር ሐረግ ድረ ገጽም አትለፉ። የመንግሥት ምዝገባ በመላው አገሪቱ የጀመረው ጥር 1 ቀን 1876 ነው፤ የልደት መዝገብ ግን 110 ዓመት ካልሞላው ለማንም አይከፈትም፣ ከቀጥተኛ ዘመዶች በቀር።

ጽሑፉ ኩረንት በሚባለው የድሮ የእጅ ጽሕፈት ስለሆነ የፊደሉን ሰንጠረዥ አትሙና የቤተሰቡን ስም በዚያ ፊደል ደጋግማችሁ ጻፉ፤ ዓይን የሚለምደው በእጅ ነው። «ኤ» (e) እና «ኤን» (n) የሚባሉት ፊደላት እጅግ ይመሳሰላሉ። ወር ላይ 7 ቁጥር ተጽፎ «በር» (ber) የሚል የወር ስም መጨረሻ ከተከተለው ሐምሌ አይደለም፣ መስከረም ነው፤ በላቲን ሰባት ማለት ሴፕተም ስለሆነ። 8 ጥቅምት፣ 9 ኅዳር ነው።

ጥምቀቱን ስታገኙ የሞት መዝገቡንም አገላብጡ። ሕፃን ሲሞት ቀጥሎ ለሚወለደው ያንኑ ስም መስጠት የተለመደ ነበርና፣ ያገኛችሁት ልጅ በሁለት ዓመቱ የተቀበረው ሊሆን ይችላል።