የክብደት መቀነሻ መርፌ ቆዳን ሲያስቆጣ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ኦዜምፒክ፣ ዌጎቪ፣ ሞንጃሮና ሳክሴንዳ ከአረብ አገር በዘመድ ሻንጣ ሲመጡ፣ የሐኪም ምክር አብሯቸው አይመጣም። ቆዳቸው ተቆጥቶ ማንን እንደሚጠይቁ ለጨነቃቸው ነው ይህን የምጽፈው። መጀመሪያ አንድ ነገር እዩ፤ ችግሩ የተወጋው ቦታ ላይ ብቻ ነው ወይስ ከዚያ አልፏል?

ከንፈር፣ ምላስ ወይም ጉሮሮ አበጠ፤ ትንፋሽ አጠረ፤ ራስ አዞረ

ይህ ሕይወት የሚያሰጋ አለርጂ ነው። መድኃኒቱ ጭን ጡንቻ ላይ የሚወጋ አድሬናሊን ነው፤ የአለርጂ ኪኒን አይተካውም። ሰውየውን አስተኙና እግሩን ከፍ አድርጉ። መተንፈስ ከከበደው ቁጭ ይበል፤ ግን አታቁሙት፣ አታራምዱት። ደሴ ካልደረስን ብላችሁ በቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ አትለፉት! ቢሻለውም ወዲያው ወደ ቤት አትመልሱት፤ ከሰዓታት በኋላ ሊያገረሽ ይችላል።

ሰውነት ላይ ሁሉ ትኋን እንደነከሰው ጉብ ጉብ አለ

መንስኤው ሰውነት መድኃኒቱን ወይም አብሮት ያለውን ቅመም አለመቀበሉ ነው። መርፌውን አቁሙና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። የኦዜምፒክና የዌጎቪ መድኃኒት ከሰውነት ግማሹ እስኪወጣ እንኳ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ሽፍታው ጠፍቶ ሊመለስ ይችላል፤ ለቀናት ተከታተሉት። «እስቲ በትንሹ ልሞክረው» ብሎ ደግሞ መወጋት ትልቅ አደጋ ነው።

የተወጋው ቦታ ብቻ ቀላ፣ ያሳክካል፣ ትንሽ አበጠ

አብሽሩ፣ ይህ ያጋጥማል። አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ሦስት ቀን ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ሰበቡ አወጋጉ ነው። ከፍሪጅ እንደወጣ የተወጋ መድኃኒት ቆዳን ያስቆጣል፤ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ አውጡት፣ ግን ምድጃ ዳር አታሙቁት። ቆዳውን የጠረጋችሁበት አልኮል ይድረቅ። ሆድ፣ ጭንና የላይኛው ክንድ ላይ ቦታ እያፈራረቃችሁ ተወጉ፤ ሆድ ላይ ከሆነ ከእምብርት ራቅ በሉ። መርፌዋ የምትቀየር ከሆነ ሁልጊዜ አዲስ ይሁን።

ለማሳከኩ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ለ10 ደቂቃ ያዙበት። ካልበቃ፣ ለአዋቂ ሴትሪዚን ወይም ሎራታዲን የተባለ የአለርጂ ኪኒን 10 ሚሊግራም በቀን አንዴ ይወሰዳል። ነፍሰ ጡር ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ግን አስቀድሞ ፋርማሲስት ይጠይቅ። ፌጦ፣ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት አትለጥፉበት፤ የተቆጣውን ቆዳ ይልጡታል፣ ሐኪሙም ዋናውን ችግር መለየት ያቅተዋል።

መቅላቱ በየመርፌው እየሰፋ ከመጣስ? ያኔ አወጋጉ ብቻ ላይሆን ይችላል። ለምሳሌ ኦዜምፒክና ሳክሴንዳ ውስጥ ፌኖልና ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባሉ ተጨማሪ ቅመሞች አሉ፤ እነዚህ የማይስማሙት ሰው አለ። በስልክ ፎቶ አንሱትና ቀጣዩን መርፌ ሳትወጉ ሐኪም አማክሩ። ደሴ አካባቢ ላላችሁ፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው።

ከቀናት በኋላ ትኩስ ሆነ፣ ያማል፣ መግል ያዘ

አለርጂ ሳይሆን ኢንፌክሽን ነው። አታፍርጡት፤ ቤት የተረፈ አንቲባዮቲክም አትዋጡ። ትኩሳት ካለ ለነገ አትበሉት። አንዱን ፔን (መድኃኒቱ ያለበትን ብዕር መሰል መወጊያ) ከእህት ወይም ከጓደኛ ጋር መጋራትም ይቅር፤ መርፌዋ ብትቀየር እንኳ በደም የሚተላለፍ በሽታ ሊያስይዝ ይችላል።

ቆዳ ያቃጥላል፣ ይነዝራል፣ ግን ምንም አይታይም

ይህ የነርቭ ስሜት መለወጥ ነው፤ በተለይ መጠኑ ከፍ ሲል ያጋጥማል። የአለርጂ ኪኒን ብዙም አይረዳውም። መጠኑን ማስተካከል የሐኪም ሥራ ነው።

ስለ መድኃኒቱ ራሱ

ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ የተከፈተ ኦዜምፒክ ከ30 ዲግሪ በታች እስከ 56 ቀን ይቆያል። ባቲ ሙቀት ውስጥ ያለ ፍሪጅ የከረመ ፔን ግን አይታመንም። ፈሳሹ ከደፈረሰ ወይም በረዶ ሆኖ ከነበረ ጣሉት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ስለ ሐሰተኛ ኦዜምፒክ አስጠንቅቋል፤ የካርቶኑ ጽሑፍ ከተዛባ ወይም ማሸጊያው ከተነካ አትወጉት። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ፔኑንም ካርቶኑንም ያዙ። ለመቅጠን እንደምትወጉ አትደብቁ፤ ሐኪሙ መንስኤውን የሚያገኘው ከእሱ ተነስቶ ነው።