የግቢያችሁ ሴንሰር መብራት ሌሊቱን ሙሉ ብልጭ ድርግም ካለባችሁ

አምና ግቢያችን ውስጥ ባለ ሴንሰር ባውዛ አስገጠምኩ። ሰው ሲመጣ ይበራል፣ ሲሄድ ይጠፋል ተብዬ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤታችን እማማ በር ላይ አገኙኝና "ልጄ፣ ድግስ አላችሁ እንዴ? ሌሊቱን ሙሉ መብራት!" አሉኝ። የመኝታ ቤታቸው መስኮት ለካ ወደኛ ነው። ድግሱ ደግሞ የአንዲት ድመት ነበር፤ አጥሩ ላይ ስትመላለስ ታድራለች፣ ባውዛውም እሷን እየተቀበለ ያድራል።

የተበላሸ እቃ ሸጡልኝ ብዬ ልመልስ ነበር። አልተበላሸም። የገጠመው ልጅ ሰቅሎት ሄደ እንጂ አላስተካከለውም።

ይሄ እቃ ካሜራ አይደለም። የሚያየው ሙቀት ነው። ያቺ ነጭ ጉልላት መሳይ ፕላስቲክ፣ ሌንሷ ማለቴ ነው፣ ጠጋ ብላችሁ ብታዩዋት በትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለች ናት፤ ሙቀት ያለው ነገር ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሻገር ነው መብራቱ የሚነሳው። ስለዚህ በጎን የሚያቋርጠውን ሰው ቶሎ ያገኘዋል፣ ቀጥ ብሎ ወደሱ የሚመጣውን ግን ዘግይቶ። እኛ ደግሞ አብዛኞቻችን የምንሰቅለው የግቢውን በር ትክ ብሎ እንዲያይ አድርገን ነው። ተሳሳትን። ቤቱ ጥግ ላይ ይሁን፣ ከበሩ የሚመጣው ሰው በፊቱ አቋርጦ እንዲያልፍ። ከፍታው ከ2 እስከ 2.5 ሜትር ይበቃል። ዝቅ ካለ ማንም በእጁ ያዞረዋል።

የማያየውንም ነገር ምረጡለት። ነፋስ የሚያወዛውዘው ቅርንጫፍ፣ እንጀራ ሲጋገር ከማድ ቤቱ በር ቦግ ብሎ የሚወጣው እንፋሎት፣ ፍርግርግ አጥር ከሆነ ደግሞ መንገዱ ላይ የሚያልፈው መኪና ሁሉ ያስነሱታል። የራሱ አምፖልም ፊቱ ላይ መሆን የለበትም፤ ጠፍቶ ሳይቆይ ራሱን በራሱ እንደገና ያበራል።

አሁን ወደ ቁልፎቹ። ብዙዎቹ ከሥራቸው የሚዞሩ ሦስት ትንንሽ ነገሮች አሏቸው፣ በትንሽ ካቻቢቴ የምታዞሯቸው። አንዱ ስሜቱን ነው፣ ምን ያህል ርቀት ድረስ እንደሚያይ። አንዱ ሰዓቱን፣ ስንት ሴኮንድ ወይም ደቂቃ በርቶ እንደሚቆይ። ሦስተኛው የፀሐይና የጨረቃ ሥዕል ያለበት ነው፣ ምን ያህል ሲጨልም ሥራ እንደሚጀምር የሚነግረው። መጀመሪያ በቀን ሞክሩት፤ ሦስተኛውን ወደ ፀሐዩ፣ ሰዓቱን ወደ ትንሹ አዙሩ፣ መብራቱን አብሩና አንድ ደቂቃ ያህል ታገሱት፣ ሲነሳ ራሱን እስኪያረጋጋ ዝም ብሎ ይበራልና። ከዚያ ግቢውን ወዲያ ወዲህ ተመላለሱ፣ የት ላይ እንደሚይዛችሁ እዩ። ልጅ ካለ ልጁን አሯሩጡት፣ ደስ ይለዋል። ስሜቱን በሩ ድረስ ብቻ እንዲደርስ ቀንሱት። አመሻሽ 12 ሰዓት ተኩል ግድም ወጥታችሁ ሦስተኛውን ወደ ጨረቃው ቀስ እያላችሁ መልሱት።

ሰዓቱን 1 ደቂቃ አድርጉት፣ ግፋ ቢል 2። እኔ 7 ደቂቃ ላይ ትቼው ነበር። እንቅስቃሴ ባየ ቁጥር ቆጠራውን ከዜሮ ስለሚጀምር ድመቷ በየ5 ደቂቃው ብቅ ካለች መቼም አይጠፋም።

ለድመቷ መፍትሔው የ3 ሳንቲሜትር ጥቁር ናስትሮ ነው። በምትሄድበት በኩል ያለውን የሌንሱን ጎን ለጠፍኩት። አንዴ ብዙ አትለጥፉ፣ ጥቂት ለጥፋችሁ ሞክሩ፣ ካልበቃ ጨምሩ። መሬት ለመሬት የሚሄድ ውሻ ከሆነ ያስቸገራችሁ የሌንሱን የታችኛውን ክፍል ሸፍኑ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ይሄኛው የኛ አገር ጉዳይ ነው። አንዳንዶቹ ማብሪያ ማጥፊያውን ቶሎ አጥፍታችሁ ስታበሩት "ዝም ብለህ ብራ" እንዳላችሁት ይቆጥሩታል። እንግዳ ሲመጣ ይጠቅማል። ችግሩ፣ መብራት እልም ብሎ ወዲያው ሲመለስም እንደዚያው ይገባቸዋል። ጠዋት ተነስታችሁ ፀሐይ ላይ ሲበራ ካገኛችሁት አትደናገጡ፤ አጥፉት፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆዩ፣ መልሳችሁ አብሩት።

ሽቦውን ራሳችሁ የምትነኩ ከሆነ ብሬከሩን ከቆጣሪው አጥፉ፣ ሽቦው ላይ ኃይል እንደሌለ ደግሞ በቴስተር አረጋግጡ። 220 ቮልት ቀልድ አያውቅም። ለብቻው የሚሸጠው ሴንሰር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሽቦ አለው፤ ቡናማው ከፌዝ (ኃይል ይዞ ከሚመጣው ሽቦ)፣ ሰማያዊው ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ)፣ ቀዩ ወደ አምፖሉ። ካርቶኑ ላይ ያለው ሥዕል ሌላ ካለ ሥዕሉን እመኑ። ሽቦው ወደ እቃው ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ጎበጥ ይበል፤ የክረምት ዝናብ በሽቦው ተንሸራትቶ ይመጣና እዚያ ጉብጠቱ ላይ ይንጠባጠባል እንጂ ውስጥ አይገባም። በዚህ ነገር አንድ ባውዛ አቃጥያለሁ።

ሁሉን አስተካክላችሁ ከወራት በኋላ እንደገና ብልጭ ድርግም ከጀመረ ቁልፎቹን ከመንካታችሁ በፊት መሰላል አምጡና ሌንሱን እዩት። ሸረሪት ድሯን አድርታበት ይሆናል። በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጉት።