የኢድሪያ ዥሊክሮፊ በእጅ እንዴት ይሠራል?

የስሎቬኒያን ባህላዊ ምግብ በተግባር መማር የሚፈልግ ሰው ከየትኛው ይጀምር ቢባል፣ ምርጫዬ ያለ ጥርጥር ዥሊክሮፊ ነው፤ እጅን የሚያስለምድ ምግብ ነውና። ዥሊክሮፊ በቀጭን ሊጥ የተሸፈነ የድንች ሙሌት ሲሆን፣ አገሩ በምዕራብ ስሎቬኒያ የምትገኘው፣ ለአምስት መቶ ዓመታት ያህል ሜርኩሪ ሲወጣባት የኖረችው የኢድሪያ ከተማ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2010 አሠራሩ በአውሮፓ ኅብረት የባህላዊ ምግቦች መዝገብ ሰፍሮ ጥበቃ አግኝቷል።

ሥራው የሚጀመረው ከሊጡ ነው። 300 ግራም የፍርኖ ዱቄት፣ አንድ ወይም ሁለት እንቁላል፣ ጥቂት ዘይትና ሊጡ የሚፈልገውን ያህል ውሃ ወይም ወተት አዋሕደው፣ ከእጅም ከገበታም መጣበቁን እስኪተው ድረስ ይሹት። መብቃቱን ለማወቅ በቢላዋ ይቁረጡት፤ የተቆረጠው ፊት ቀዳዳ የሌለው ድፍን ከሆነ ደርሷል። ዘይት ቀብተውና ሸፍነው ግማሽ ሰዓት ያሳርፉት። ያላረፈ ሊጥ ሲዳመጥ ተመልሶ ስለሚሰበሰብ ይህን መዝለል አይገባም።

ሊጡ እስኪያርፍ 500 ግራም ድንች ቀቅለው ይፍጩ። በ50 ግራም የተከተፈ የአሳማ ስብ 50 ግራም ሽንኩርት አቁላልተው፣ ድንቹ ሳይበርድ ከጨው፣ ከቁንዶ በርበሬ፣ ማርጆራም ከሚባለው መዓዛማ ቅጠልና ደቅቆ ከተከተፈ ቻይቭስ (ሽንኩርት ሽንኩርት ከሚል ቀጭን ቅጠል) ጋር ያዋሕዱት። የአሳማ ሥጋ የማይበላ ሰው በቅቤ ቢያቁላላ ጥሩ ምግብ ይወጣዋል፤ የተመዘገበው አሠራር ግን በአሳማ ስብ ነው። ሙሌቱ ውሃ ያዘለ እንዳይሆን ድንቹን በደንብ ያጠንፍፉ፤ ከዚያም ከሽምብራ ተለቅ አድርገው ያድቦልቡሉት።

ዋናው ጥበብ ቀጥሎ ያለው ነው። ሊጡን 2 ሚሊ ሜትር ያህል እስኪሳሳ ድረስ ዳምጠው፣ ድብልብሎቹን ከጠርዙ ገባ አድርገው በመካከላቸው የአንድ ጣት ስፋት እየተዉ ይደርድሩ። የሊጡን ጠርዝ በላያቸው አጥፈው፣ በየመካከሉ ያለውን ሊጥ በጣት ተጭነው ያጣብቁና እያንዳንዱን ቆርጠው ይለዩ፤ በግራና በቀኝ ጆሮ የመሰለ ጫፍ ይተርፋል። በመጨረሻ አናቱን በጣት ቀስ ብለው፣ ሊጡ ሳይቀደድ፣ ወደ ውስጥ ሰርጎድ ያድርጉት። ያን ጊዜ ባርኔጣ የመሰለ ቅርጹን ይይዛል፤ ርዝመቱ 3፣ ቁመቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂቶች ቢጣመሙ አያሳስብም፤ እጅ ቶሎ ይለምደዋል።

ጨው ባለበት የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምረው አንዴ አማስለው ይክደኑት። ወደ ላይ ተንሳፍፈው ውሃው እንደገና አንዴ ሲፈላ በስለዋልና ወዲያውኑ ያውጧቸው። በኢድሪያ አብሯቸው የሚቀርበው ባካልሳ የሚባለው፣ በበግ ሥጋና በአትክልት የሚሠራ ወጥ ነው። ለሌላ ቀን የሚተርፈውን ግን ሳይቀቅሉ፣ እንዳይጣበቅ በዱቄት በተነሰነሰ ትሪ ላይ አራርቀው ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጡት።